አንድ ፎልደር ለሁላችንም፦ የቤታችንን ፋይል አንድ ቦታ ያመጣሁበት ሳምንት

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ነገሩ የተጀመረው በአንድ የኤክሴል ፋይል ነው። የቤት ወጪያችንን የምንመዘግብበት ፋይል። ዛሬ ልሞላው ስከፍተው እህቴ ባለፈው ሳምንት የጻፈችው የለም። ብንፈላልግ ሦስት ፋይል ተገኘ። እኔ ላፕቶፕ ላይ «የቤት ወጪ የመጨረሻ»፣ እሷ ጋ «የቤት ወጪ የመጨረሻ 2»፣ ፍላሹ ላይ ደግሞ «የቤት ወጪ ትክክለኛው»። ሦስቱም ድምራቸው ይለያያል። መስመር በመስመር ስናስተያይ አንድ ሰዓት ሄደ።

ፎቶዎቹም እንደዚሁ ናቸው። ግማሾቹ እማዬ ላፕቶፕ ላይ፣ ግማሾቹ እኔ ጋ። አንዱ ኮምፒውተር ቢበላሽ ምን ምን እንደሚጠፋ አናውቅም። እኔን ያሳሰበኝ ከወጪው ይልቅ ይሄ ነው። ስለዚህ የቤቱ ፋይል አንድ ቦታ ይቀመጥና ሁላችንም ከየራሳችን ኮምፒውተር እንክፈተው ብዬ ተነሣሁ። የሠራሁትን እዚህ እየጻፍኩ እሄዳለሁ። የሆነ ቀን አልሠራ ሲል የት ጋ ምን እንደነካሁ ማወቅ አለብኝ።

ያለን ዕቃ ይሄ ነው፦ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ነው) የተጫነበት አሮጌ ዴስክቶፕ፣ 8 ጊጋ ራምና 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ ያለው። የእኔና የእህቴ ላፕቶፖች ዊንዶውስ 11 ናቸው፣ የእማዬ ዊንዶውስ 10። አንድ ራውተርና አንድ ውጫዊ ዲስክም አለን። ዴስክቶፑ ፋይል ጠባቂ ይሆናል፣ ሌሎቻችን እሱ ጋ እየሄድን እንከፍታለን።

ቅዳሜ፣ 5 ሰዓት

ኮምፒውተር ሳልነካ በፊት ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ማን ምን ያያል? ማን ምን ይቀይራል? ፋይል ሼር ማድረግ ሲባል ብዙ ሰው የሚፈልገው የምትጫነዋ ቁልፍ የት እንዳለች ነው። ለእኔ ግን ሥራው ይሄ ጥያቄ ነው። እሱ ሳይመለስ የተከፈተ ፎልደር አንድ ቀን ያስለቅሳል።

የደረስንበት፦ «የጋራ» የሚባለውን ፎልደር ሁላችንም እናነባለን፣ ሁላችንም እንጽፍበታለን። «ፎቶ»ን ሁላችንም እናያለን፣ የምንጨምርበትና የምናጠፋበት ግን እማዬና እኔ ብቻ ነን። ከዚያ ለያንዳንዳችን ሌላው የማያየው የግል ፎልደር። እህቴ «እኔ ለምን ፎቶ ላይ አልጽፍም?» አለች። ፎቶ ከስልኳ ስታስገባ እያጠፋች ስለምታስተካክል ነው። ተስማማች።

ቅዳሜ፣ ከሰዓት

መጀመሪያ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ ይተያያሉ ወይ የሚለውን ፈተሽኩ። ይሄን ሳያረጋግጡ ወደ ፓስወርድና ወደ ፈቃድ መሄድ በከንቱ መድከም ነው። ከእያንዳንዱ ላፕቶፕ ላይ ዴስክቶፑን በአይፒ አድራሻው (በኔትወርኩ ላይ ባለው ቁጥሩ) ፒንግ አደረግኩት። ፒንግ «አለህ ወይ?» ብሎ መልስ የሚጠብቅ ትንሽ መልእክት ነው። ከእኔ ላፕቶፕ መለሰ። ከእማዬም መለሰ። ከእህቴ ላይ ምንም የለም። አራት ጊዜ ተልኮ አራቱም ጠፋ።

ፋየርዎል (ያልተፈቀደ ግንኙነት የሚያግደው ጠባቂ) ነው ብዬ ግማሽ ሰዓት ለፋሁ። በመጨረሻ የዋይፋዩን ስም አየሁት። ከእንግዳው ዋይፋይ ጋር ነው የተገናኘችው! የእንግዳ ዋይፋይ የተሠራው እንግዳው ኢንተርኔት ብቻ አግኝቶ የቤቱን ኮምፒውተሮች እንዳያይ ነው። ራውተሩ ሥራውን በትክክል ነው የሠራው። ወደ ዋናው ዋይፋይ አዞርኳት፣ ፒንጉ ወዲያው መለሰ።

ከዚያ አድራሻውን ቋሚ አደረግኩ። ራውተሩ ለየኮምፒውተሩ አድራሻ የሚያድለው በውሰት ነው። ዛሬ 192.168.1.7 የነበረው ነገ 192.168.1.12 ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ላፕቶፖቹ ፎልደሩን በድሮው አድራሻ ሲፈልጉ ያጡታል። ራውተሩ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የዴስክቶፑን ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱን የራሱ መለያ) ከ192.168.1.20 ጋር አሠርኩት። ራውተሩንም ዴስክቶፑንም ሪስታርት አድርጌ አረጋገጥኩ። እንቅልፍ እንዳይተኛም ስሊፕ የሚለውን አጠፋሁት። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፣ ግን ካልተሠራ «ትናንት ይሠራ ነበር» የሚለው ችግር የሚመጣው ከዚህ ነው።

እሑድ፣ ጠዋት

ዛሬ ሳምባን ጫንኩ። ዊንዶውስ ፋይል የሚጋራበት ቋንቋ ኤስኤምቢ ይባላል። መነሻው 1980ዎቹ ውስጥ አይቢኤም ጋ ነው። ሳምባ ደግሞ ሊኑክስና መሰሎቹ ያንኑ ቋንቋ እንዲናገሩ የሚያደርግ ነፃ ሶፍትዌር ነው። አንድሩ ትሪጅል የሚባል አውስትራሊያዊ ፕሮግራመር ነው በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጀመረው። ስሙ የመጣበት መንገድ ደስ ይለኛል። የመጀመሪያው ስም በንግድ ምልክት ምክንያት መቀየር ነበረበት። እሱም መዝገበ ቃላት ውስጥ ኤስ፣ ኤም እና ቢ ፊደላት በቅደም ተከተል ያሉባቸውን ቃላት በኮምፒውተር ፈለገ። ሳምባ ከተገኙት አንዱ ነው።

መጫኑ ቀላል ነው። ያስቸገረኝ ሰው መመዝገቡ ነው። ለሦስታችንም ኡቡንቱ ላይ አካውንት ከፍቼ፣ ፓስወርድ ሰጥቼ፣ ከላፕቶፑ ልገባ ስል «ፓስወርዱ ልክ አይደለም» አለኝ። ደግሜ ደጋግሜ ጻፍኩት። ፓስወርዱ ልክ ነው። ችግሩ ሳምባ የራሱ የፓስወርድ መዝገብ ያለው መሆኑ ነው። የኡቡንቱውን ፓስወርድ አያየውም። ሰውየው መጀመሪያ ኡቡንቱ ላይ መኖር አለበት፣ ከዚያ በሳምባ መዝገብ ላይ ለብቻው መጨመር አለበት። ኤስኤምቢፓስወርድ በሚባለው ትእዛዝ ሦስታችንንም ጨመርኩ። ገባሁ።

ያለ ፓስወርድ ክፍት ማድረግ ይቀል ነበር። አላደረግኩም። አንደኛ፣ ማን እንደገባ ካልታወቀ ትናንት ወረቀት ላይ የጻፍነው ሁሉ ዋጋ የለውም። ሁለተኛ፣ ዊንዶውስ 11 ፕሮ ከ24ኤች2 እትም ጀምሮ በእንግዳነት መግባትን ራሱ አይፈቅድም።

ዴስክቶፑ ዊንዶውስ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ሁለት ነገር ያታግለኝ ነበር። ኔትወርኩ «ፐብሊክ» ተብሎ ከተመዘገበ ዊንዶውስ ራሱን ይደብቃል፤ የቤት ኔትወርክ «ፕራይቬት» መሆን አለበት። ሌላው ፒን ነው። ኮምፒውተሩን በየቀኑ የምትከፍቱበት ባለ አራት አሃዝ ፒን ለዚያ ማሽን ብቻ ነው፣ በኔትወርክ ሲገቡ አይሠራም። የአካውንቱ ሙሉ ፓስወርድ ነው የሚያስፈልገው። ብዙ ሰው ፓስወርዱን የረሳው ፒን ስለለመደ ነው።

ሰኞ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

የእህቴ ላፕቶፕ እንደገና። ትናንት ስሞክር በእኔ ስም ገብቼ ነበር። ዛሬ በራሷ ስም ላስገባት ስል ዊንዶውስ እምቢ አለ። ስህተት 1219 ይላል፦ አንድ ሰርቨር ጋ በአንድ ጊዜ በሁለት ስም መግባት አይቻልም። የትናንቱ ግንኙነት አልተዘጋም ነበር። ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁሩ መስኮት ላይ ኔት ዩዝ ብዬ ያሉትን ግንኙነቶች አየሁ፣ አጠፋኋቸው። ዊንዶውስ ፓስወርድ በሚያስቀምጥበት ክሬደንሻል ማናጀር ውስጥ የተቀመጠውን የእኔን ስምና ፓስወርድም ሰረዝኩ። ከዚያ በራሷ ገባች። በሰው ኮምፒውተር ላይ በራሴ ስም መሞከሬን ትቻለሁ።

ማክሰኞ

ደስ ሲለን እህቴ «የጋራ» ውስጥ የፈጠረችውን ፋይል ከፍቼ ልቀይር ስል አይሆንም አለኝ። ማንበብ እችላለሁ፣ ሴቭ ማድረግ አልችልም። ለሁላችንም ይጻፍ ብዬ አልነበር?

እዚህ ጋ ሁለት በር እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዱ በር የሳምባ ነው፣ ሌላው ከኋላው ያለው የራሱ የሊኑክስ ፎልደር ፈቃድ። ለመጻፍ ሁለቱንም ማለፍ አለባችሁ። ዊንዶውስ ላይም እንዲሁ ነው፤ የሼሩ ፈቃድና የዲስኩ ፈቃድ ለየብቻ ናቸው፣ ከሁለቱ የሚሠራው ጠበቅ ያለው ነው። እኔ የመጀመሪያውን ከፍቼ ሁለተኛውን ረስቼዋለሁ።

ፋይሉን ዴስክቶፑ ላይ ሄጄ አየሁት። ፈቃዱ 744 ነው። የመጀመሪያው 7 ለባለቤቷ ነው፣ ሁሉን ትችላለች። ቀጥሎ ያለው 4 ለቡድኑ፣ ማንበብ ብቻ። የመጨረሻውም 4፣ ለሌላው ሰው ሁሉ። ሳምባ ምንም ካልተነገረው አዲስ ፋይል የሚፈጥረው በዚህ መጠን ነው። ስለዚህ «ቤተሰብ» የሚል ቡድን ፈጠርኩ፣ ሦስታችንንም አስገባሁ። የ«የጋራ» ፎልደርን ፈቃድ 2770 አደረግኩ። ፊት ያለችው 2 ናት ትልቁን ሥራ የምትሠራው፤ እዚያ ውስጥ የሚፈጠር ሁሉ የፈጣሪውን ሳይሆን የፎልደሩን ቡድን ይወርሳል። ሳምባ ሴቲንግ ላይም አዲስ ፋይል በ0660፣ አዲስ ፎልደር በ2770 ይፈጠር ብዬ ጻፍኩ። 6 ማለት ማንበብና መጻፍ ነው። ኋላ ያለው ዜሮ ለውጭ ሰው ምንም ማለት ነው።

የድሮዎቹን ፋይሎች በእጅ ማስተካከል ነበረብኝ። አዲሱ ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም።

ረቡዕ፣ ማታ

እማዬ ፎቶዎቿን ወደ አዲሱ ቦታ ማዛወር ጀመረች። በዊንዶውሱ ላይ ዜድ የሚል ድራይቭ አድርጌላታለሁ፣ ልክ እንደ ፍላሽ ይታያታል። የዴስክቶፑ ስም በኔትወርክ ዝርዝሩ ውስጥ አይመጣም ነበር። ዊንዶውስ ዛሬ ኮምፒውተሮችን የሚፈላልግበትን መንገድ ሳምባ ብቻውን ስለማይናገር ነው። ደብሊውኤስዲዲ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ስጨምር መጣ። ድራይቭ ካለ ግን ግድ አይሰጠኝም፤ ዜድ በአድራሻው በቀጥታ ነው የሚሄደው።

ከዚያ እማዬ ጠራችኝ። «ልጄ፣ ይቺ ፎቶ አልሄድ አለች።»

አንድ ፎቶ ብቻ። ቀለል ያለች፣ 3 ሜጋባይት። ቦታ ሞልቷል፣ ፈቃድ አላት። ከጎኗ ቁጭ ብዬ ሳየው ስሙ ታየኝ። እማዬ ለፎቶ ስም ስትሰጥ ታሪኩን ነው የምትጽፈው። ማን እንዳለ፣ ከማን ጋር እንደተነሡ፣ ማን እንዳነሣቸው፣ በዚያን ቀን ምን እንደነበር። የዚህኛው ስም ክፍተቱን ሳይጨምር 90 ፊደል ነው።

ዊንዶውስ ለአንድ ፋይል ስም እስከ 255 ቁምፊ ይፈቅዳል። ለሱ 90 ፊደል ገና ግማሽም አይደለም። ሊኑክስ ግን የሚቆጥረው በባይት ነው፤ ገደቡ 255 ባይት ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ይወስዳል። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ 3 ባይት ይወስዳል። 90 ሲባዛ በ3፣ 270። አለፈ። ስለዚህ በአማርኛ ስም የሚጽፍ ሰው ሊኑክስ ዲስክ ላይ ያለው ቦታ ከፍ ቢል 85 ፊደል ነው፣ ከዚያም ላይ ክፍተቱና የፋይሉ ዓይነት መለያ ይቀነሳሉ።

ይሄን መመሪያ ላይ ተጽፎ አላገኘሁትም። እኛ ካልጻፍነው የሚጽፍልን የለም።

እማዬን «ስሙን አሳጥሪው» ማለት አልፈለግኩም። ታሪኩ እኮ ከፎቶው አይተናነስም። ከሷ በኋላ እነዚያን ሰዎች በስም የሚያውቅ ላይኖር ይችላል። ተነጋገርንና በየፎልደሩ ውስጥ «ስለ ፎቶዎቹ» የሚል አንድ የጽሑፍ ፋይል ከፈትን። ፎቶው አጭር ስምና ቁጥር ይይዛል፣ ታሪኩ በቁጥሩ አንጻር ይጻፋል። እዚያ ውስጥ ገደብ የለባትም። ያን ማታ ለአንድ ፎቶ አንድ ገጽ ጻፈች።

ሐሙስ

ፍጥነት። አንድ 6 ጊጋ የሆነ ቪዲዮ ከእኔ ላፕቶፕ ወደ ዴስክቶፑ ስገለብጥ በዋይፋይ 20 ደቂቃ ገደማ ፈጀ። በኬብል አገናኘሁት። 9 ደቂቃ። ተሻሽሏል፣ ግን ኬብልም ራውተርም ባለ 1 ጊጋቢት ናቸው። 1 ጊጋቢት በ8 ሲካፈል 125 ሜጋባይት በሰከንድ ነው፤ ይቅር ይቅር ቢባል 110 አካባቢ ይገኛል። እኔ የማየው 11 ነው። አንድ አሥረኛ።

11 የሚለው ቁጥር ራሱ ይናገራል። ይሄ የ100 ሜጋቢት ግንኙነት ፍጥነት ነው። የሆነ ቦታ ላይ መስመሩ ከ1000 ወደ 100 ወርዷል ማለት ነው።

የኬብሉን ጫፍ ወደ መብራት አስጠግቼ አየሁት። ፕላስቲኩ ብርሃን ያሳልፋል፤ ውስጡ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ተደርድረዋል። ሰባቱ እስከ ጫፍ ደርሰው የመዳቡ ጥርስ ነክሷቸዋል። ስምንተኛው፣ ቡናማው፣ አጠር ብሎ ቀርቷል። ጥርሱ ባዶ ፕላስቲክ ነው የነከሰው። 100 ሜጋቢት የሚፈልገው አራት ሽቦ ብቻ ነው፣ ቡናማው ደግሞ ከነሱ ውስጥ የለም። ስለዚህ ሁሉ ነገር የሚሠራ ይመስላል፣ ኢንተርኔቱም አይቋረጥም። 1 ጊጋቢት ግን ስምንቱንም ይፈልጋል። አንዱ ከጎደለ ሁለቱ መሣሪያዎች ተነጋግረው ወደ 100 ይወርዳሉ።

ኬብሉን ቀየርኩ። ያው ቪዲዮ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው አለቀ። ኬብሉ ስንት ዓመት እንደዚያ እንደቆየ እንጃ።

ዓርብ

አጭር ቀን። አሮጌዋ ስካነራችን ያነበበችውን በቀጥታ ፎልደር ውስጥ መጣል ትችላለች። ሞከርኩ፣ አልተገናኘችም። የምታውቀው የመጀመሪያውን ኤስኤምቢ፣ ኤስኤምቢ 1ን ብቻ ነው። ሳምባ ከ4.11 እትም፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ እሱን ዘግቶታል። በአንድ መስመር ሊከፈት ይችላል።

አልከፍተውም። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ሆስፒታሎችን ሳይቀር ያንበረከከው በዚሁ በኤስኤምቢ 1 ቀዳዳ ገብቶ ነው። ፋይሉን ሁሉ ቆልፎ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። የእማዬን ፎቶዎች አንድ ቦታ ሰብስቤ ለአንዲት ስካነር ብዬ ያን በር አልከፍትም። ስካነሯ በዩኤስቢ ትሠራለች።

በዚያው የዴስክቶፑን ፋየርዎል ከቤቱ ኔትወርክ ብቻ እንዲቀበል አደረግኩ። ራውተሩ ላይም ኤስኤምቢ የሚገባበት በር፣ 445 ቁጥር ፖርት፣ ወደ ውጭ አለመከፈቱን አየሁ። ይሄ ፖርት ከቤት ውጭ መታየት የለበትም።

ቅዳሜ

ከእህቴ ጋር አንድ ሙከራ ሠራን። የማያስፈልግ ፋይል «የጋራ» ውስጥ አስገብታ ዲሊት አደረገችው። «ሪሳይክል ቢን ውስጥ ፈልጊው» አልኳት። የለም። በኔትወርክ ላይ ያለን ፋይል ከዊንዶውስ ላይ ካጠፋችሁት ወደ ሪሳይክል ቢን አይሄድም፣ በዚያው ይጠፋል። ዊንዶውስ ያስጠነቅቃል፣ ግን ማን ያነበዋል?

ሳምባ ለዚህ መፍትሔ አለው። ሪሳይክል የሚባለውን ተጨማሪ ክፍል ስታበሩት የተሰረዘው ፋይል ወደ አንድ ስውር ፎልደር ይዛወራል። የነበረበትን የፎልደር ቅደም ተከተል እንዲጠብቅም ነገርኩት፣ ካለበለዚያ ሁሉም በአንድ ቦታ ይዝረከረካል። እህቴ ደግማ አጠፋች። አገኘነው፣ መለስነው።

ይሄ ሁሉ ግን ባክአፕ አይደለም። ዲስኩ ቢቃጠል ስውሩ ፎልደርም አብሮ ይቃጠላል። እንዲያውም ዛሬ አደጋው ጨምሯል፤ በየቦታው ተበትኖ የነበረው አሁን አንድ ዲስክ ላይ ነው። ውጫዊውን ዲስክ አመጣሁ። ቪዲዮው አልገባም አለ። ዲስኩ በፋት 32 ነው የተፎረመተው፣ እሱ ደግሞ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ውስጡ የነበረውን አውጥቼ በሊኑክሱ ኢኤክስቲ 4 ፎርማት አደረግኩት። አርሲንክ የሚባል የመገልበጫ ፕሮግራም በየሳምንቱ እሑድ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አዲሱንና የተቀየረውን ብቻ ይገለብጣል። ከዚህ የተሰረዘውን ከዚያም ሰርዝ የሚለውን አማራጭ አልተጠቀምኩም። ቦታ ይባክናል፣ ይባክን። በስህተት የጠፋ ፎቶ በሚቀጥለው እሑድ ከባክአፑም እንዲጠፋ አልፈልግም።

ለማረጋገጥ ከባክአፑ ላይ አንድ ፎልደር ወደ ላፕቶፔ መልሼ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ከፈትኩ። ሁሉም ተከፈቱ።

እሑድ፣ ማታ

የወጪውን ፋይል ማስገባቱን መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ሆን ብዬ ነው። ሦስቱን አስተያይተን አንድ አደረግናቸው፣ «የቤት ወጪ» ብለን «የጋራ» ውስጥ አስገባን። የቀሩትን ሰረዝን።

ማታ ከእራት በኋላ የዛሬውን እየሞላሁ ነበር። እህቴ በሌላው ክፍል ያንኑ ፋይል ከፈተች። ኤክሴል በእኔ ስም እንደተያዘ ነገራት፤ ማንበብ ብቻ ትፈልጊያለሽ ወይስ ሲለቀቅ ልንገርሽ አላት። ከወዲያ ክፍል ድምጿ መጣ።

«ጨረስክ?»

«አንድ መስመር ቀረኝ።»

ጻፍኩት፣ ሴቭ አድርጌ ዘጋሁት። ትንሽ ቆይታ የራሷን ቁጥር መጻፍ ጀመረች፣ ከእኔ መስመር ቀጥላ።